አምስተኛው ዓመት ለምን?

ውሃ በቱቦ ውስጥ ረጅም መንገድ ሲሄድ ምን ያህል ግፊት ያጣል? ጥያቄው አንድ ነው፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግን እንደተጠየቀበት ክፍል መልሱ ይለያያል። በምህንድስናው ክፍል ተማሪው የውሃውን ፍጥነት፣ የቱቦውን ስፋትና የፈሳሹን ዝልግልግነት ይዞ የሬይኖልድስ ቁጥር የሚባለውን ያሰላል። ቁጥሩ ከ2,300 ገደማ በታች ከሆነ ውሃው ረግቶ፣ ንብብር በንብብር እየተንሸራተተ ይፈሳል፤ ከ4,000 ካለፈ ይታመሳል። ቀጥሎ ተማሪው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሉዊስ ሙዲ በ1944 ያወጣውን ግራፍ ይዘረጋል፣ የቱቦውን ሻካራነት የሚያመለክተውን መስመር ተከትሎ የሰበቃውን መጠን ያነባል፣ ፓምፑን ይመርጣል፣ ለጥንቃቄ ጥቂት አቅም ይጨምርበታል፤ አለቀ። በሳይንሱ ክፍል ያው ውሃ የናቪየር እና የስቶክስ እኩልታዎች ሆኖ ሰሌዳው ላይ ይቀርባል። እነዚህ እኩልታዎች በሦስት አቅጣጫ ለሚንቀሳቀስ ፈሳሽ ምንጊዜም ሳይበላሽ የሚቀጥል መልስ ይኖራቸው እንደሆነ እስካሁን ያረጋገጠ የለም። ክሌይ የተባለው የሒሳብ ተቋም በ2000 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን ለሚያረጋግጥ ወይም ለሚያፈርስ ሰው የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አስቀምጧል፤ ሽልማቱን የወሰደ የለም። አንዱ ክፍል በአንድ ረፋድ ሠርቶ የሚጨርሰውን፣ ሌላው የሰው ልጅ ገና ያልደረሰበት ነገር ነው እያለ ያስተምራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ክፍል ገብተው የሚማሩ ወጣቶች አሉ። በተለይ በአውስትራሊያ ሳይንስንና ምህንድስናን አጣምሮ በሁለት ዲግሪ የሚያስመርቅ ትምህርት የተለመደ ነው፤ የሞናሽ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ፣ የሲድኒና የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡታል። በሜልበርንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆችም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ ይህን አማራጭ በምርጫ ዝርዝራቸው ላይ ያገኙታል፤ ወላጆችም ይጠይቃሉ። አንዱ ዲግሪ መቼ አነሰና ሁለት ያስፈልጋል? በአራት ዓመት መሐንዲስ መሆን እየተቻለ አምስተኛው ዓመት ለምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን ደካማ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ “ሰፊ የሥራ ዕድል” ይላሉ፣ ዘመድ አዝማድ “ሁለት ወረቀት ከአንድ ይሻላል” ይላል። የጥምር ትምህርቱ ዋጋ በወረቀቱ ብዛት አይለካም። ሁለት የተለያዩ የአስተሳሰብ ልማዶች በአንድ ሰው ውስጥ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ስሕተት ማረም ሲችሉ ነው ዋጋ የሚኖረው። ይህ ደግሞ ተማሪው ራሱ ካላገናኛቸው በራሱ አይመጣም፤ ካልመጣም አምስተኛው ዓመት ለብዙዎች አያዋጣም።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ በግልጽ እንየው። በአውስትራሊያ የሳይንስ ባችለር ዲግሪ ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ የምህንድስና ኦነርስ ዲግሪ ደግሞ አራት። ሁለቱ ተለያይተው ቢማሯቸው ሰባት ዓመት የሚወስዱት፣ ተጣምረው በአምስት ያልቃሉ። ሁለቱ ዓመታት የት ገቡ? አንደኛ፣ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ መሠረታዊ ፊዚክስና ፕሮግራሚንግ ለሁለቱም ስለሚያስፈልጉ አንዴ ተምረው ለሁለት ይቆጠራሉ። ሁለተኛ፣ ነጠላ ዲግሪ የሚማር ሰው እንደፍላጎቱ የሚመርጣቸው ኮርሶች ለጥምሩ ተማሪ አይተርፉትም፤ ቦታቸውን ሌላኛው ዲግሪ ይወስደዋል። ስለዚህ ይህ ተማሪ ታሪክ ወይም ቋንቋ ወይም ሙዚቃ ልሞክር የሚልበት ሰፊ ክፍተት የለውም። የሚቀረው ይህ ነው፣ ቀላልም አይደለም።

ቤተሰብን በጣም የሚያደናግረው ግን ኦነርስ የሚለው ነገር ነው። በምህንድስና ኦነርስ በአራቱ ዓመት ውስጥ ተካቷል፤ የመጨረሻው ዓመት የምርምር ወይም የዲዛይን ፕሮጀክት ይሠራል፣ ውጤቱም አንደኛ ደረጃ፣ ከፍተኛ ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ሁለተኛ እየተባለ ይመደባል። በሳይንስ ግን ኦነርስ ከሦስቱ ዓመት በኋላ ተለይቶ የሚጨመር አንድ ሙሉ የምርምር ዓመት ነው። እንግዲህ ጥምሩን የጨረሰ ተማሪ በምህንድስናው ኦነርስ አለው፣ በሳይንሱ ደግሞ ያለው ተራ ባችለር ነው። የአገሪቱ የትምህርት ማዕቀፍ ባችለርን በሰባተኛ፣ ኦነርስን በስምንተኛ፣ ማስተርስን በዘጠነኛ፣ ዶክትሬትን በአሥረኛ ደረጃ ያስቀምጣል። አንደኛ ደረጃ ወይም ከፍተኛ ሁለተኛ ኦነርስ ያለው ሰው ማስተርስ ሳይማር በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይችላል። ይህ በብዙ አገር የሌለ አቋራጭ ስለሆነ ምርምር የሚያስብ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሊያውቀው ይገባል፤ ውጤቱን ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲያየው የሚደነግጥ ብዙ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መሐንዲስ የሚሠራው በቀጠሮ ነው። ድልድዩ በዚህ ቀን ይከፈታል፣ በጀቱ ይህን ያህል ነው፣ ሰው ይሄድበታል። ስለዚህ ሙሉ እውቀት እስኪገኝ አይጠብቅም፤ በተፈተነ ቀመር አስልቶ፣ ለማያውቀው ነገር የደህንነት ህዳግ ጨምሮ ይወስናል። ሳይንቲስት ግን የተለመደውን ቀመር ይዞ “እስከ የት ድረስ ይሠራል? ከየት በኋላ ይከዳል?” ብሎ መጠየቅ ሥራው ነው፤ መልስ ካላገኘ አላገኘሁም ብሎ መጻፍም ይችላል። ሁለቱም ልማዶች ያስፈልጋሉ፣ ሁለቱም ብቻቸውን ሲሆኑ የየራሳቸው አደጋ አለባቸው። መሐንዲሱ ቀመሩ የተሠራበትን ወሰን ሳያውቅ ወሰኑን ይሻገራል። ሳይንቲስቱ ደግሞ ትክክለኛውን ነገር አውቆ፣ ያወቀው ነገር ሥራ ላይ ሳይውል ይቀራል። ሁለቱም አደጋዎች ባንድ ላይ ከታዩባቸው ታሪኮች የአትላንቲክ የቴሌግራፍ ገመድን የሚያህል አላውቅም።

በ1850ዎቹ አንድ የእንግሊዞች ኩባንያ ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በውቅያኖስ ወለል ላይ ገመድ ዘርግቶ አሜሪካንና አውሮፓን በቴሌግራፍ ሊያገናኝ ተነሣ። የኤሌክትሪክ ሥራውን የያዘው ዋይልድማን ኋይትሃውስ የሚባል፣ በሙያው የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበረ፣ ኤሌክትሪክን በራሱ ሙከራ የተማረ ሰው ነበር። በዚያው ዘመን የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው) በረጅም የባሕር ገመድ ውስጥ የሚሄድ ምልክት የሚዘገየው በገመዱ ርዝመት ስኩዌር ልክ መሆኑን በሒሳብ አሳይቶ ነበር። ርዝመቱ በእጥፍ ቢያድግ መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። መፍትሔውም ከሒሳቡ ይወጣል፤ መዳቡ ወፍራምና ንጹሕ ይሁን፣ ምልክቱን ኃይል በመጨመር ከመግፋት ይልቅ ደካማውን ምልክት የሚያነብ ስሱ መሣሪያ ይሠራ። ኋይትሃውስ የራሴ ሙከራዎች ይህን አያሳዩም ብሎ በአደባባይ ተከራከረ። መዳቡ ቀጭን ሆኖ ተሠራ፤ በአንድ የባሕር ማይል 107 ፓውንድ ብቻ። በነሐሴ 1858 ገመዱ ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላከችው የ98 ቃላት መልእክት ለማለፍ 16 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ምልክቱ ሲዳከም ኋይትሃውስ እስከ 2,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ለቀቀበት፤ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ገመዱ አገልግሎት መስጠት አቆመ። ገመዱ አስቀድሞም በአሠራሩና በአቀማመጡ ጉዳት ስለነበረበት ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን አይገባም፤ ከፍተኛው ቮልት ግን የተጎዳውን ገደለው።

በ1866 የተዘረጋው ገመድ ግን ሠራ። የመዳቡ ክብደት ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አድጎ በባሕር ማይል 300 ፓውንድ ሆነ፣ መልእክቱም የቶምሰን መስታወት ጋልቫኖሜትር የሚባለው ስሱ መሣሪያ በሚያነበው ደካማ ኃይል ተላለፈ፤ በደቂቃ ስምንት ቃል ያህል ማስተላለፍ ተቻለ። እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ቶምሰን ትክክለኛውን እኩልታ ማወቁ ብቻ አይደለም። ገመዱ ሲዘረጋ መርከቡ ላይ ነበር፤ የመዳቡን ጥራት ያስመረምር ነበር፤ በማዕበል በሚናወጥ ክፍል ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ በእጁ ፈጠረ። እኩልታውን ከገመዱ ጋር ያገናኘው እሱ ራሱ ነው። ሰውየው ሳይንስንና ምህንድስናን በዲግሪ አልተማራቸውም፤ ዲግሪው በዚያ ዘመን አልነበረም። ያደረገው ነገር ግን ዛሬ ጥምር ትምህርቱ አሰለጥናለሁ የሚለው ነገር ነው።

መንገዱ ከሳይንስ ወደ ምህንድስና ብቻ አይደለም፤ የተገላቢጦሹም አለ፣ ምሳሌው ደግሞ ከዚያው ከአውስትራሊያ ነው። ጆን ኦሳሊቫን ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። ስቲቨን ሆኪንግ በ1974 ጥቁር ጉድጓዶች ቀስ በቀስ ተንነው በመጨረሻ ሊፈነዱ ይችላሉ ካለ በኋላ፣ ኦሳሊቫን በኔዘርላንድስ ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር የእነዚህን ፍንዳታዎች የራዲዮ ምልክት ፍለጋ ገባ። ምልክቱ ቢኖር እንኳ ጠፈርን አቋርጦ ሲመጣ ተበታትኖ፣ ተዛብቶ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ የተዛባን ሞገድ ወደ ድግግሞሾቹ በትኖ የሚመረምር ሒሳብና መሣሪያ ማዳበር ግድ ሆነ። ፍንዳታ አልተገኘም። ከዚያ ወደ አውስትራሊያ ተመልሶ ሲኤስአይአርኦ በተባለው የመንግሥት የምርምር ድርጅት ሲሠራ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ችግር ገጠመው። በቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተሮችን ያለ ሽቦ ማገናኘት የሚፈልጉ ሁሉ በአንድ እንቅፋት ይሰናከሉ ነበር። በክፍል ውስጥ የተላከ የራዲዮ ሞገድ ከግድግዳው፣ ከጣሪያው፣ ከጠረጴዛው እየነጠረ ያው መልእክት በተለያየ ቅጽበት ደጋግሞ ይደርሳል፤ አንዱ ቅጂ በሌላው ላይ ይደረባል፤ በፍጥነት በተላከ ቁጥር መደራረቡ ይብሳል። ኦሳሊቫንና አራት ባልደረቦቹ መልእክቱን በብዙ ቀጫጭን ድግግሞሾች ከፋፍለው፣ እያንዳንዱን በዝግታ፣ ሁሉንም ጎን ለጎን መላክን ከሌሎች ዘዴዎች ጋር አዋሕደው አንድ ሥርዓት አበጁ፤ በ1992 የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። ዘዴው በኋላ በዋይፋይ ደረጃዎች ውስጥ ገባ፤ ድርጅቱም በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ከተከራከረ በኋላ ከ400 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አገኘ። ኦሳሊቫን በ2009 የአገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር የሳይንስ ሽልማት ተሸለመ። ጥቁር ጉድጓድ ፍለጋ ሄዶ ያመጣውን ሒሳብ ቢሮ ውስጥ ሲያገኘው ማወቅ የቻለው፣ ሁለቱንም ችግር ከውስጥ ስለሚያውቃቸው ነው።

ተቃውሞዎቹ ግን ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው “ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት” የሚለው ነው። ሁለት ነገር የያዘ ተማሪ አንዱንም ጠልቆ አያውቅም፤ ጥልቀት የሚፈልግ ደግሞ አንዱን ይያዝ። በዚህ ተቃውሞ ውስጥ እውነት አለ። የምህንድስናው ክፍል በኢንጂነርስ አውስትራሊያ፣ ማለትም በአገሪቱ የመሐንዲሶች ማኅበር ዕውቅና ስለሚሰጠው ዋናዎቹ ኮርሶች አይቀነሱም፤ ዕውቅናውም በ1989 በተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት አማካይነት በሌሎች ፈራሚ አገሮች ይታወቃል። የሚቀነሱት በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚመረጡት የጠለቁ ኮርሶች ናቸው። ስለዚህ የጥምሩ ተማሪ ብቁ መሐንዲስ ይሆናል፣ ነገር ግን ነጠላውን የተማረ ጓደኛው በአንድ ጠባብ ዘርፍ ሁለት ሦስት ኮርስ ሊቀድመው ይችላል። ይህን ክፍተት ሥራ ላይ በአንድ ዓመት መሙላት ይቻላል። በአንጻሩ ኳንተም ሜካኒክስን ወይም የስታቲስቲክስን መሠረት ሥራ ከያዙ በኋላ፣ ምሽት ላይ፣ ብቻን ተቀምጦ መማር እጅግ ከባድ ነው። የትኛው በኋላ ሊደረስበት ይችላል፣ የትኛው አይችልም ብሎ ማመዛዘን ነው የሚያዋጣው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ጠንካራ ነው። ዛሬ ሥራ የሚሠራው በቡድን ነው፤ ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው ካስፈለገ ይቀጠራል፤ ሁሉም በአንድ ጭንቅላት ውስጥ መሆን የለበትም። የኦሳሊቫን ዋይፋይ ራሱ የአምስት ሰዎች ሥራ አይደለም ወይ? ነው። የ1858ቱን ገመድ ግን እናስታውስ፤ እዚያም ቡድን ነበር። ቶምሰን የኩባንያው የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል ነበር፤ እውቀቱ በኩባንያው ውስጥ ነበር፣ ያውም በከፍተኛው ጠረጴዛ ላይ። የጎደለው ውሳኔውን በያዘው ሰውና እኩልታውን ባወቀው ሰው መካከል የሁለቱንም ነገር መርምሮ የሚፈርድ ነው። ቡድን ውስጥ እውቀት በመገኘቱ ብቻ አይሻገርም፤ የሚያሻግረው ሰው ይፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ በሁለቱም ወገን ፈተና ተቀምጦ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። የአንድ ቡድን አባላት ሁሉ ጥምር ዲግሪ ይኑራቸው የሚል የለም። አንድ ሁለት መኖራቸው ግን ሥራውን ይለውጠዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቅደም ተከተልን ይመለከታል። መጀመሪያ አንዱን ጨርሶ ቀጥሎ ወደ ሌላው መሄድ አይሻልም? ታሪክ ለዚህ ተቃውሞ ታላላቅ ምስክሮች ያቀርብለታል። ፖል ዲራክ በ1921 ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቆ ሥራ ስላጣ ወደ ሒሳብ ዞረ፣ በ1933 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ ፍጹም ያልሆነን ቀመር መታገሥ የተማርሁት ከምህንድስና ነው ሲል ተናግሯል። ጆን ባርዲን በዊስኮንሲን የኤሌክትሪክ ምህንድስናን በባችለርና በማስተርስ ተምሮ፣ በነዳጅ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሠርቶ፣ ከዚያ በፕሪንስተን በ1936 በሒሳባዊ ፊዚክስ ዶክተር ሆነ፤ ትራንዚስተርን ከፈጠሩት ሦስቱ አንዱ ነው፣ የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ሁለት ጊዜ፣ በ1956 እና በ1972፣ የተቀበለም እሱ ብቻ ነው። ሁለቱም በቅደም ተከተል ነው የተማሩት። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲም ከ2008 ጀምሮ የያዘው ተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ተማሪው ሦስት ዓመት ሳይንስ ተምሮ ባችለር ይይዛል፣ ቀጥሎ በሁለት ዓመት የምህንድስና ማስተርስ ይጨርሳል፤ ድምሩ ያው አምስት ነው። ስለዚህ ጥምሩ ብቸኛው መንገድ ነው ብዬ አልከራከርም። የምለው ይህ ነው፦ ዲራክን ወደ ሒሳብ የመለሰው ሥራ አጥነት ነው፤ ደሞዝ ቢያገኝ ኖሮ ወደ ክፍል መመለሱ ያጠራጥራል። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶት ደሞዝ መቀበል የጀመረ፣ ቤተሰብ የሚረዳ ወጣት “በኋላ እመለስበታለሁ” ያለው ትምህርት ብዙውን ጊዜ በዚያው ይቀራል። ጥምሩ ሁለቱን ገና በአሥራ ስምንት ዓመት ያስጀምራል። ካልተስማማ ደግሞ በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ትቶ በሌላው ነጠላ ዲግሪ መውጣት ይቻላል።

ስለ ገንዘብ የሚነሣውን ተቃውሞ ለማስተባበል አልሞክርም። አንድ ተጨማሪ ዓመት የአንድ ዓመት ክፍያና የአንድ ዓመት ደሞዝ ነው። የአውስትራሊያ ዜጋ የሆነ ተማሪ መንግሥት ከሚደጉመው ክፍያ የሚደርስበትን ድርሻ በ1989 በተጀመረው ሥርዓት በብድር ከፍሎ፣ በኋላ ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ከግብሩ ጋር ይመልሳል። በሰብአዊ ቪዛ የገባ ቋሚ ነዋሪም ይህን ብድር ማግኘት ይችላል። በሌላ ቪዛ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ግን በድጎማው ይጠቀማል እንጂ ብድሩን ስለማያገኝ ድርሻውን በየሴሚስተሩ ከኪሱ መክፈል አለበት። ይህን ልዩነት ሳያጣሩ የተመዘገቡ ቤተሰቦች ላይ የሚመጣው ሸክም ከባድ ነው፤ ሕጉም ስለሚሻሻል ከመመዝገብ በፊት ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ ግድ ነው። ከኢትዮጵያ ወይም ከዐረብ አገር በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ ደግሞ ሙሉውን ክፍያ ለአምስት ዓመት መሸፈን የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደለም፤ ለእሱ የአራት ዓመቱ ምህንድስና፣ ከዚያም በጥሩ ኦነርስ የሚገኝ የዶክትሬት ስኮላርሺፕ ብልህነት ነው። የመንገድ ወይም የሕንጻ ግንባታ ሥራ ላይ ተሰማርቼ በቶሎ ልሥራ የሚል ተማሪም አምስተኛው ዓመት አያስፈልገውም። ቀጣሪው የሚያየው የምህንድስናውን ዲግሪና የሥራ ልምምዱን ነው።

ታዲያ ለማን ያዋጣል? የሁለቱ ዲግሪ ጥንድ ከሥር ለሚገናኝለት። ኤሌክትሪክን ከፊዚክስ፣ ኬሚካል ምህንድስናን ከኬሚስትሪ፣ ሲቪልን ከጂኦሎጂ፣ ባዮሜዲካልን ከፊዚዮሎጂ፣ የትኛውንም ከሒሳብ ጋር ላጣመረ ተማሪ አንዱ ትምህርት የሌላውን መሠረት ይቆፍርለታል። ሒሳብን በተለይ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምህንድስናው ራሱ ግማሽ መንገድ ስለሚወስድ የሚጨመረው ትንሽ፣ የሚከፈተው በር ብዙ ነው። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የሚማር ልጅ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ማቴማቲካል ሜተድስን ብቻ ይዞ ማለፍ ቢችልም፣ ስፔሻሊስት ማቴማቲክስን ቢጨምር የመጀመሪያው ዓመት አይደፋውም። በሌላ በኩል የሚማርካቸውን ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ያጣመሩ ተማሪዎች ሁለት የተለያዩ ግማሽ ሕይወቶች ይኖራሉ። ትምህርቱ አይከፋም፤ ያ ሁለቱ የሚተራረሙበት ቦታ ግን የለውም።

ጥሩ ጥንድ የመረጠም ቢሆን ዩኒቨርሲቲው ሁለቱን አያገናኝለትም፤ በዚህ ነገር ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊወቀሱ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ተማሪው የሁለት ፋኩልቲ ሰው ነው፤ አማካሪው ሁለት ነው፤ የፊዚክስ ቤተ ሙከራው ሰዓት ከዲዛይን ክፍሉ ጋር ይጋጫል፤ አንድ ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ቢያመልጠው በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት ሌሎች ሦስት ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይገፋሉ። በሳይንሱ ቤተ ሙከራ ለእያንዳንዱ ልኬት የስሕተቱን መጠን እንዲጽፍ ይጠየቃል፤ በዲዛይን ክፍሉ ደግሞ ደረጃውን ጠቅሶ፣ ዋጋውን አውጥቶ እንዲወስን። የልኬቱ ስሕተት በውሳኔው ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቀው መምህር ግን የለም፤ ጥያቄው የማንም ክፍል ስላልሆነ። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ የአራት ኪሎን የሳይንስ ግቢና የአምስት ኪሎን የቴክኖሎጂ ግቢ ያስብ፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ መንገዱ ግን በሥርዓተ ትምህርቱ ላይ አልተሠራም። በአውስትራሊያም ሁለት ፋኩልቲዎች አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆኑ ብቻ እንዲህ ያለው ርቀት አይጠፋም። ሁለት መምህራን ከሁለቱ ወገን ተቀምጠው የሚያስተምሩት አንድ የጋራ ኮርስ በየዓመቱ ቢኖር፣ ቱቦው ላይ የሙዲን ግራፍና የናቪየር ስቶክስን እኩልታ አንድ ሰሌዳ ላይ ቢያስቀምጡ፣ ያ አንድ ኮርስ ለአምስተኛው ዓመት ከሚሰጡት ምክንያቶች ሁሉ ይበልጣል።

እስከዚያው ተማሪው በእጁ ያለው የመጨረሻው ዓመት ፕሮጀክት ነው። ኦነርሱ የምህንድስናው ስለሆነ ፕሮጀክቱ የሚመዘገበው በምህንድስናው ፋኩልቲ ነው፤ ርዕሱ ግን ከሳይንሱ ጥያቄ ሊነሣ፣ የሳይንስ መምህርም በሁለተኛ አማካሪነት ሊገባበት የሚችልበት መንገድ አለ። የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ አዲስ ንጥረ ነገር በፊዚክሱ ቤተ ሙከራ ለክቶ፣ በምህንድስናው ክፍል ለሃያ ዓመት አገልግሎት ይበቃ እንደሆነ ማስላት አንድ ምሳሌ ነው። የርዕስ ምርጫው የሚካሄደው ከመጨረሻው ዓመት አስቀድሞ በመሆኑ፣ ጥሩ መምህራንም ቶሎ ስለሚያዙ፣ ተማሪው ከሁለቱ ወገን አንዳንድ መምህር ማነጋገር ያለበት ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ነው፤ ሲሄድም ጥያቄውን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢይዝ መምህራኑ የሚሰጡት መልስ ይለያል።